የሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ኤምአርአይን መቼና እንዴት እንደምንጠቀምበት

የሳንባ ካንሰር ያለበት ታካሚ ለቀዶ ሕክምና ሲታጭ፣ ከምስል ምርመራ የሚጠበቀው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን መመለስ አይደለም፤ የዚያ መልስ የሚገኘው ከናሙና ነው። ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ዕጢው ምንም ሳይተርፍ ተቆርጦ ሊወጣ ይችል እንደሆነ፣ ከሳንባው ጋር አብሮ መነሣት ያለበት የአካል ክፍል የትኛው እንደሆነና ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን እንደሚያጣ ነው። ኤምአርአይ ጥሩ መልስ የሚሰጠው ከእነዚህ አንዱ ተለይቶ ሲጠየቅ ነው። ማዘዣው ላይ «የደረት ኤምአርአይ» ከሚል በቀር ምንም ካልሰፈረ ግን ታካሚው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ሲቲ ስካኑ አስቀድሞ የነገረንን ይዞ ይመለሳል።

ሳንባ ለኤምአርአይ አስቸጋሪ አካል ነው። ምልክቱ የሚመነጨው በውኃና በስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ሲሆን ሳንባ ግን በአብዛኛው አየር ነው፤ አየርና ሕብረ ሕዋስ በሚገናኙባቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቦታዎች መግነጢሳዊው ሜዳ ስለሚዛባ፣ በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ላይ ከሳንባው የሚመጣው ምልክት በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ይከስማል። በዚያ ላይ ልብ ይመታል፣ ድያፍራም ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ትንንሽ ጉብታዎችን መፈለግና የዕጢውን መጠን መለካት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ምስሎች የተነሣ ሲቲ ስካን ሥራ ነው፤ ወደ ሩቅ አካል የተሰራጨ ካንሰር ለመፈለግም ፔት ሲቲ (ስኳር አብዝተው የሚጠቀሙ ሕዋሳትን በጨረራማ መድኃኒት የሚያሳይ ምርመራ) ካለ እሱ ይቀድማል። በ1991 የታተመና 170 ታካሚዎችን ያካተተ የአሜሪካ የጋራ ጥናት ሲቲንና ኤምአርአይን ሲያወዳድር በአጠቃላይ የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ ኤምአርአይ በልጦ የተገኘው ካንሰሩ ወደ መካከለኛው የደረት ክፍል ዘልቆ መግባቱን በመለየት ነበር። ሁለቱም መሣሪያዎች ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽለዋል፤ የሥራ ክፍፍላቸው ግን በመሠረቱ ያው ነው።

ለምርመራው መዘጋጀት

ማዘዣው ላይ ዕጢው ያለበት ቦታ፣ የታካሚው ምልክቶችና ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው መልስ ይስፈሩ። ትከሻን የሚያሠቃይ ሕመም፣ የትንሿ ጣት መደንዘዝ፣ የእጅ ጡንቻ መክሳት፣ በአንድ በኩል የዐይን ቆብ መውደቅና የብሌን መጥበብ ለራዲዮሎጂስቱ የትኛውን ቦታ አጥብቆ ማየት እንዳለበት ይነግሩታል። ታካሚው የቀድሞውን ሲቲ ስካን በሲዲ ይዞ ይምጣ፤ የታተመው ሪፖርት ብቻውን ከምስሉ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ስለ ብረት ሲጠየቅ «ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ብዙዎች ከዓመታት በፊት የገባባቸውን ፍንጣሪ ረስተውታል፣ ወይም እንደ ብረት አይቆጥሩትም። «አባባ፣ በጦርነት ቆስለው ያውቃሉ? ብየዳ ወይም ብረታ ብረት ሠርተው ያውቃሉ?» ብሎ በዝርዝር መጠየቅ ይሻላል፤ በተለይ ዐይን ውስጥ ብረት ሊኖር ይችላል ተብሎ ከተጠረጠረ አስቀድሞ ራጅ ይነሣ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ የአንጎል ደም ሥር ክሊፕና በጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ ዓይነታቸው ተጣርቶ ደኅንነታቸው ሳይረጋገጥ ማንም ወደ ክፍሉ አይግባ። የአንገት መስቀልና በብረት የተለበጠ ክታብ ይወልቃሉ። አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶችም ቦታው መሞቅ ከጀመረ ወዲያው እንዲናገሩ ይነገራቸው።

ጋዶሊኒየም (ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) የሚሰጥ ከሆነ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ይታይ። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም (ጂኤፍአር) በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለሆነ ታካሚ አደጋቸው እጅግ አነስተኛ ከሆኑት የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ይመረጥ፤ ጥያቄው ያለ እሱ የሚመለስ ከሆነም ይቅር። የተለመደው መጠን በኪሎ ግራም 0.1 ሚሊ ሞል ነው።

ከሁሉ በላይ ምርመራውን የሚያበላሸው ትንፋሽ ነው። ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ከውጭ ተቀምጦ፣ አየር አስወጥቶ ለ15 ሰከንድ ያህል መያዝን ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመድ። አየር አስወጥቶ መያዝ የሚመረጠው ድያፍራም በየጊዜው ወደ ተመሳሳይ ቦታ ስለሚመለስ ነው። ሳንባው የተጎዳ ሰው ይህን ካልቻለ ትንፋሹን የሚከታተለው ዘዴ ይመረጥ፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ምስሉ ይድናል።

የሳንባ ጫፍ ዕጢ

ኤምአርአይ ምትክ የማይገኝለት እዚህ ላይ ነው። የፊላደልፊያው ራዲዮሎጂስት ሄንሪ ፓንኮስት በ1924 እና በ1932 የገለጸው፣ ስሙንም ያገኘው ይህ ዕጢ ከሳንባው የላይኛው ጫፍ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው የጎድን አጥንት፣ ከክላቪክል (የማጅራት ፊት ለፊት ካለው የአንገት ሥር) አጥንት ሥር ወደሚያልፉት ደም ሥሮች፣ ወደ አከርካሪና ብራኪያል ፕሌክሰስ ወደሚባለው የክንድ ነርቮች ጥልፍልፍ ይዘልቃል። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ የተጨናነቁ በመሆናቸው በአግድም ብቻ የተነሣ ምስል አይለያቸውም።

በመጀመሪያ ስቡ ያልታፈነበት ቲ1 ምስል (ስብን ነጭ አድርጎ የሚያሳየው የኤምአርአይ ምስል ዓይነት) ከጎንና ከፊት ለፊት ይነሣ፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ የሚሸፍነው ስፋት ደግሞ ትንሽ ይሁን። እዚህ ስብ ወዳጃችን ነው፤ በነርቮቹና በደም ሥሮቹ ዙሪያ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ዕጢው የት እንዳጠፋው በግልጽ ያሳያል። ቀጥሎ ስቲር የተባለው ስብን የሚያፍን ምስል ይነሣል፤ እብጠት የገባበት ነርቭ ወይም መቅኔ በእሱ ላይ ያበራል። በመጨረሻ ከጋዶሊኒየም በኋላ የሚነሣው ቲ1 ዕጢው በነርቭ መውጫዎች በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር መግባት አለመግባቱን ያሳያል።

በጎን ምስሉ ላይ የመጀመሪያውን የጎድን አጥንት አንገት ፈልጉ። ከእሱ በታች የሚታየው አንደኛው የደረት ነርቭ ሥር፣ ከእሱ በላይ የሚታየው ስምንተኛው የአንገት ነርቭ ሥር ነው። የካንሰርን ደረጃ በሚወስነው የቲኤንኤም ምደባ 8ኛ እትም (ቲ የዕጢውን ስፋት፣ ኤን የንፍፊቶችን ሁኔታ ያመለክታል) አንደኛውንና ሁለተኛውን የደረት ነርቭ ሥር ብቻ የያዘ ዕጢ ቲ3 ሲባል፣ ስምንተኛው የአንገት ነርቭ ሥር ወይም ከእሱ በላይ ያለው፣ የአከርካሪ አካል ወይም የክላቪክል ሥር ደም ሥሮች ከተነኩ ቲ4 ይሆናል። ለታካሚው ልዩነቱ ከፊደል በላይ ነው፤ አንደኛው የደረት ነርቭ ሥር ብቻውን ቢቆረጥ ብዙ ሰዎች እጃቸውን መጠቀም ይችላሉ፣ ስምንተኛው አብሮ ከተቆረጠ ግን የእጅ መዳፍና የጣቶች ሥራ በእጅጉ ይጎዳል። ስለዚህ ሪፖርቱ «ፕሌክሰሱ ተነክቷል» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ የትኛው ሥር እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ።

ደም ሥሮቹን ለማየት በአንገት ጎን ያለውን የፊተኛውን የስካሌን ጡንቻ መነሻ ማድረግ ይረዳል፤ ቬኑ (ደም መላሹ) ከፊቱ፣ አርተሪውና (ደም ቅዳውና) ፕሌክሰሱ ከኋላው ያልፋሉ። ዕጢው ከዚህ ጡንቻ በፊት ወይም በኋላ መሆኑ ቀዶ ሐኪሙ ከፊት በኩል ወይስ ከኋላ በኩል እንደሚገባ ለመወሰን በቀጥታ ያገለግላል።

የደረት ግድግዳና መካከለኛው ደረት

ዕጢ የደረትን ግድግዳ መንካቱ ገባበት ማለት አይደለም። ከሳንባው ሽፋን ውጭ ያለው የስብ መስመር በቲ1 ላይ ከተቋረጠና በስቲር ላይ በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ጡንቻ ካበራ መግባቱ ይጠረጠራል። ታካሚው በዝግታ ሲተነፍስ የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ምስል ደግሞ ዕጢው በግድግዳው ላይ መንሸራተት አለመንሸራተቱን ያሳያል። በነጻነት ከተንሸራተተ አልገባም ማለት ይቻላል፤ አለመንሸራተቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ምክንያቱም የቆየ ቲቢ ወይም የሳንባ ምች የተወው ጠባሳም ሳንባውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። በሳንባው ጫፍ ላይ እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ ይህ ዘዴ እዚያ አያስተማምንም።

የልብ ሽፋን፣ የልብ ክፍሎችና ትልልቅ ደም ሥሮች ሲጠረጠሩ ምስሉ ከልብ ምት ጋር ተቀናጅቶ ይነሣ። ዕጢው ብሮንከሱን (የአየር ቧንቧውን) ዘግቶ ከጀርባው ያለውን ሳንባ ካኮማተረ ደግሞ በሲቲ ላይ ሁለቱ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ውኃን በሚያበራው የቲ2 ምስል ላይ የተኮማተረው ሳንባ አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢው የበለጠ ያበራል፣ የውኃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በሚለካው የዲፊዩዥን ምስል ላይ ደግሞ ዕጢው ጎልቶ ይወጣል። ይህ ልዩነት የዕጢውን እውነተኛ መጠን ሊቀይር ይችላል።

ንፍፊቶች

ዲፊዩዥን ምስል ካንሰር የገባባቸውን ንፍፊቶች ለመጠርጠር ይረዳል። ነገር ግን በአገራችን ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ አለ፤ ቲቢ ያለባቸው ንፍፊቶችም በዲፊዩዥን ያበራሉ፣ በፔትም እንዲሁ። ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን ሲያቀላቅል ኖሯል፣ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን፣ «ነቀርሳ» ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰርን ማለታችን ነውና። ምስል ብቻ ታይቶ ቀዶ ሕክምና አይከልከል፤ የተጠረጠረው ንፍፊት በብሮንኮስኮፒ አልትራሳውንድ (በአየር ቧንቧ በኩል በሚገባ መሣሪያ) ወይም በሚድያስቲኖስኮፒ (በአንገት ሥር በሚደረግ ትንሽ ቀዶ) ናሙና ይወሰድበት። ከ2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 9ኛው የቲኤንኤም እትም ኤን2ን (ካንሰሩ በዚያው በኩል ወዳለው የመካከለኛው ደረት ንፍፊት መድረሱን) በአንድ ጣቢያ (የንፍፊት ቦታ) የተወሰነና ብዙ ጣቢያዎችን የያዘ ብሎ ስለከፈለው፣ የተጠረጠሩት ጣቢያዎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ።

አንጎልና አድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ)

የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የናይስ መመሪያ የመዳን ተስፋ ያለው ሕክምና ለሚደረግላቸው የ3ኛ ደረጃ ታካሚዎች የአንጎል ኤምአርአይ በጋዶሊኒየም እንዲነሣ ያዛል፤ የአሜሪካው የካንሰር ማዕከላት ጥምረት ኤንሲሲኤን ከ2ኛ ደረጃ ጀምሮ ይመክራል። እኔ ለሳንባ ጫፍ ዕጢ ያለማመንታት አዛለሁ፤ አንጎሉ ውስጥ ሌላ ዕጢ ላለው ሰው ያን የሚያህል ከባድ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ከባድ ስሕተት ሊሆን ይችላልና።

አድሬናል ላይ ጉብታ ከተገኘ ኢን ፌዝና አውት ኦፍ ፌዝ የተባሉት ሁለት ምስሎች ይነሡ። በሁለተኛው ምልክቱ በግልጽ የቀነሰ ጉብታ ስብ ያዘለ አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) ነው ተብሎ ይገመታል፤ ያልቀነሰው ግን ናሙና ወይም ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

ሪፖርቱና ጊዜው

ሪፖርቱ ቀዶ ሐኪሙ በጠየቀው ይጀምር፤ የትኛው ነርቭ ሥር፣ የትኛው የጎድን አጥንት፣ የትኛው ደም ሥር፣ ከምን ያህል ርዝመት ጋር። እርግጠኛ ያልሆንበትን «ተነክቷል» ብለን ሳይሆን «መነካቱ አልተረጋገጠም» ብለን እንጻፍ፤ ታካሚው በእኛ ግምት የመዳን ዕድሉን ማጣት የለበትም። ምስሉ ከተነሣ ከአንድ ወር በላይ ከሆነው ወይም ታካሚው ቀድሞ ኬሞቴራፒና ጨረር ከወሰደ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በዚያው አቀማመጥና በእነዚያው ሲኩዌንሶች (የምስል አነሣስ ዓይነቶች) እንደገና ይነሣ፤ ከጨረር በኋላ ጠባሳና የቀረ ዕጢ ስለሚመሳሰሉ፣ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሳይቀመጡ መለየት እጅግ ያዳግታል።