የበዓል መብራት መቼ ይውረድ?

በዓሉ ካለፈ ሰንብቷል፣ መብራቱ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል? ቀን ቁረጡለት።

በምዕራቡ ክርስትና ልማድ የገና ጌጥ የሚወርደው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ነው። እስከ ፌብሩዋሪ 2 የሚያቆዩትም አሉ። ገናን ጃንዋሪ 7 ለሚያከብር ግን ይሄ አይሠራም፣ ገና በዋዜማው ማን ያወርዳል!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቀኑ ይልቅ አየሩን እዩ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ገመዱ እንደ ሽቦ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። መሰላሉም ያንሸራትታል። ደረቅና ፀሐይ የወጣበት ከሰዓት ጠብቁ። መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉ። ከታች ሆኖ መጎተት የለም! እኔ አንዴ ቸኩዬ ስጎትት ግማሹ ገመድ እጄ ላይ፣ ግማሹ ጣሪያው ላይ ቀረ። መያዣዎቹን አንድ በአንድ አላቅቁ።

ቤት ውስጥ እውነተኛ ዛፍ ላይ ከሆነ ግን አየር አትጠብቁ። ቅጠሉ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ደርቋል ማለት ነው፣ በቀላሉ እሳት ይይዛል። መብራቱን ዛሬውኑ አውርዱ።

የውጪውንም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አትተዉት። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለጊዜያዊ የበዓል መብራት የሚፈቅደው 90 ቀን ነው። ፀሐይና ዝናብ ገመዱን ይበሉታል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት አድርቁትና አንዴ አብሩት። የተላጠ ገመድ ካለ ጣሉት። ደህናውን ካርቶን ላይ ጠቅልሉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ቋጠሮ ስትፈቱ አታመሹም።