ለትሬዲንግ ሮቦት ዎርክስቴሽን ላፕቶፕ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገበያ ላይ በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ ሮቦት፣ ማለትም ፕሮግራም፣ ያዘጋጀ ሰው ቶሎ ዓይኑ የሚያርፈው ዎርክስቴሽን በሚባለው ለከባድ ሥራ የተሠራ ጠንካራ ማሽን ላይ ነው። ዴል ፕሪሲዥን፣ ቲንክፓድ ፒ፣ ኤችፒ ዜድቡክ። ጥሩ ማሽኖች ናቸው፣ አይካድም። ግን ሮቦቱ ከነሱ ምን ያህሉን ይጠቀማል? እኔን ከጠየቁኝ፣ ለአብዛኛው ሰው በጣም ጥቂቱን።

ፈጣን ላፕቶፕ ትዕዛዝ ያፈጥናል ማለት

ብዙ ገንዘብ ያለቦታው የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የተለመደ ሮቦት ሥራው ቀላል ነው፦ አማካይ ዋጋ ያሰላል፣ ያወዳድራል፣ ከዚያ ግዛ ወይም ሽጥ ይላል። ተራ ላፕቶፕም ይህን በቅጽበት ይጨርሰዋል። ጊዜ የሚበላው መንገዱ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል። የብሮከርዎ (ትዕዛዝዎን የሚቀበለው ድርጅት) ሰርቨር 5,000 ኪሎሜትር ርቆ ከሆነ፣ ትዕዛዙ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዋይፋዩና የኬብሉ ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢጎለብት ይህችን 50 አይነካትም። የሚቀንሳት ከብሮከሩ ሰርቨር አጠገብ የሚከራዩት ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚጠቀሙበት የኪራይ ሰርቨር) ነው። ብዙ የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) ብሮከሮች ሰርቨራቸውን የሚያስቀምጡት ለንደን አቅራቢያ ስላው ውስጥ ወይም ኒው ጀርሲ ሴካከስ ውስጥ ባሉ ዳታ ሴንተሮች ነው። ከመከራየትዎ በፊት የእርስዎ ብሮከር የት እንዳለ ይጠይቁ።

ላፕቶፑን እንደ ሰርቨር ማቆየት

ክዳኑ ሲዘጋ ያንቀላፋል። ዊንዶውስ ለአፕዴት ብሎ ሌሊት ራሱን ያስነሳል። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ ሲከርም ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ይሄ ሁሉ በሴቲንግ ይስተካከላል እንበል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። ሮቦቶች በሚሠሩበት የንግድ ፕሮግራም በሜታትሬደር፣ ስቶፕ ሎስ (ኪሳራ እንዳይበዛ ንግዱን የሚዘጋ ትዕዛዝ) የሚቀመጠው ብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ላፕቶፕዎ ቢጠፋም ይሠራል። ትሬሊንግ ስቶፕን (ዋጋው ወደ ትርፍ ሲሄድ እየተከተለ የሚጠጋ ስቶፕ) የሚያንቀሳቅሰው ግን እርስዎ ማሽን ላይ የተከፈተው ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ካንቀላፋ ስቶፑ የደረሰበት ቦታ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ዋጋው ወደ ትርፍ ሮጦ ሲመለስ የሚከተለው የለም። ትርፉም አብሮ ይመለሳል።

ለማይጠቀሙበት አካል መክፈል

የዎርክስቴሽን ዋጋ የሚንረው በአብዛኛው እንደ አውቶካድና ሶሊድዎርክስ ላሉ የንድፍ ፕሮግራሞች በተፈተነ ግራፊክስ ካርድ ነው። አንዳንዶቹ ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራምም አላቸው። ቻርት ለማሳየት ሁለቱም አያስፈልጉም። ማሽን ለርኒንግ ሞዴል የሚያሠለጥኑ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ የግራፊክስ ካርዱን ሜሞሪ ነው ማየት ያለብዎ።

ባክቴስትን ሳያሰሉ መግዛት

ባክቴስት ሮቦቱን ባለፈ የገበያ ዳታ ላይ መሞከር ነው። ጠንካራ ማሽን በእርግጥ የሚክስዎ እዚህ ነው። ሦስት ሴቲንጎችን እያንዳንዳቸውን በ20 የተለያዩ ቁጥሮች ልሞክር ቢሉ 8,000 ሙከራ ይሆናል። አንዱ 30 ሰከንድ ቢወስድ በአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል) 67 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሜታትሬደር 5 ሥራውን ለኮሮች ያከፋፍላል፤ ስለዚህ በስምንት ኮር ከ9 ሰዓት በታች ሊያልቅ ይችላል። የሜታትሬደር 4 ሞካሪ ግን አንድ ኮር ብቻ ስለሚጠቀም፣ የተቀሩትን በከንቱ ነው የከፈሉባቸው።

ደግሞ ላፕቶፕ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወረቀት ላይ ያለው ፍጥነት ለሰዓታት አይዘልቅም። በዚያው ዋጋ የሚገዙት ዴስክቶፕ የተሻለ ይቀዘቅዛል። ይዘው የማይዞሩ ከሆነ ዴስክቶፑን ይግዙ።

ፍጥነቱ ራሱም ያሳስታል። ከ8,000 ሙከራ አንደኛ የወጣው፣ ብዙ ጊዜ ላለፈው ገበያ ብቻ በልክ የተሰፋ ነው። የመጨረሻውን አንድ ዓመት ዳታ ሳይነኩ ያስቀምጡና መጨረሻ ላይ ይፈትኑበት።

ጠንካራ ማሽን ከኪሳራ ያድነኛል ማለት

ናይት ካፒታል የአሜሪካ ትልቅ የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት ነበር፤ የማሽን ድህነት አልነበረበትም። ኦገስት 1 ቀን 2012 አዲሱ ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ። እዚያ የተረሳ አሮጌ ኮድ ተነሥቶ ትዕዛዝ ማዝነብ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ደረሰ። በቀን ይህን ያህል ከከሰርክ አቁም የሚል መስመር ሮቦትዎ ውስጥ ከሌለ፣ ላፕቶፑን ከማማረጥዎ በፊት እሱን ይጻፉ፤ ዴሞ አካውንት (እውነተኛ ገንዘብ የሌለበት የመለማመጃ አካውንት) ላይም ሆን ብለው አክስረው ማቆሙን ይዩ።