የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲደበዝዝ፣ ሲበላና ሲቧጨር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ትላለች። በመሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በሐረጎ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሾፌር እግሩ ከፍሬን አይነሳም። ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ የሚፋቀው ትኩስ ብናኝ ደግሞ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ መስመር ላይ የሚመላለስ መኪና ቸርኬው ቶሎ ቢጠቁር አይገርምም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ብናኙ ያልገደለውን ቸርኬ ሰው «ላጽዳው» ብሎ ሲገድለው አያለሁ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፦ ቸርኬው ላይ ክሊር (ከላይ የሚነፋ ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን) አለ ወይስ ባዶ አሉሚኒየም ነው? ሲያዩት ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። መለያው ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት የብረት ማስወልወያ ክሬም በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ባዶ አሉሚኒየም ነው። ንጹህ ከሆነ ከላይ ክሊር አለ፣ ወይም ደግሞ ክሮም የተነከረ ነው። ክሮም እንደ መስታወት ነው፣ ሲላጥም ስለታም ቅርፊት ሆኖ ነው የሚነሳው። ክሮምን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

«ከክሊሩ ስር ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየሄደ ነው»

በብዛት የሚያጋጥመው፣ በብዛትም በስህተት የሚታከመው ይሄ ነው። መነሻው ትንሽ ቁስል ነው። ጠጠር ይመታዋል፤ ወይም ጎማ ሲፈታ ብረቱ ጠርዙን ይፍቀዋል። በዚያች ቀዳዳ ውሃና ጨው ይገባሉ። አሉሚኒየሙ ከስር እየተበላ ይሄዳል፣ ክሊሩም ከላዩ ይነሳል። ጨው ከየት መጣ የሚል ይኖራል። ያገለገለ መኪና ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይም ቆሟል። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ክረምታቸውን ጨው በተነሰነሰበት መንገድ ላይ ተነድቷል። በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ መኪናም የባሕሩን አየር ያገኘዋል። የባላንስ እርሳስ የተለጠፈበትን ቦታና የቫልቩን ዙሪያ በደንብ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ከላይ በመወልወል ማዳን አይቻልም። ችግሩ ያለው ከስር ነውና ክሊሩ መነሳት አለበት። ጎማው ይውለቅ። ለአሉሚኒየም የሚሆን የቀለም ማስለቀቂያ ይቀባ፣ ሲያብጥ በፕላስቲክ ይፋቅ፣ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ክፍት ቦታ ላይ ሥሩ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን ማስለቀቂያ ግን አትጠቀሙ፤ አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላዋል። በአሸዋ ማስነፋትም የተወለወለውን ፊት ያሻክረዋል።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ስስ ነው። በጣም የተበላ ቦታ ላይ ከ320 ጀምሩ፣ ያልተበላው ላይ ከ600። ከዚያ 1000፣ 1500፣ 2000። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር የማሻሸት አቅጣጫውንም ቀይሩ። በፊት በቁመት ከነበረ አሁን በአግድም ይሁን። የፊተኛው ጭረት መጥፋቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ነጩ ብል ጭራሽ እስኪጠፋ አትለፉ፤ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ነው በኋላ የሚነሳው። ከዚያ በኋላ በጥጥ ዲስክና በኮምፓውንድ (በማስወልወያ ቅባት) መወልወል ነው። ዲስኩን አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፤ ያግለዋል። የአሉሚኒየም ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፣ እሳትም ይይዛል። ስለዚህ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፣ አጠገባችሁም ብረት እየተቆረጠ ብልጭታ እንዳይረጭ።

ፊታቸው በቶርኖ የተቆረጠ ቸርኬዎች ላይ ይህ ሥራ አይሠራም። ፊታቸው ላይ ያሉት ቀጫጭን ክብ መስመሮች በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋሉ። እንደገና በቶርኖ መቁረጥ ይቻላል፣ ግን በየጊዜው ብረቱ ስለሚሳሳ ደጋግሞ የሚደረግ አይደለም።

አሁን ጥያቄው፣ ክሊር ይመለስ ወይስ ይቅር? እኔ ይቅር ባይ ነኝ። በደንብ የተወለወለ ፊት ላይ ክሊር አጥብቆ አይይዝም። አንድ ጠጠር ሲመታው ሥራው በሙሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ባዶ አሉሚኒየም ግን ሲደበዝዝ በክሬምና በጨርቅ ይመለሳል። ቸርኬውን በየጊዜው ለመንከባከብ ጊዜ የሌለው ሰው ክሊር ካስነፋ፣ በተወለወለበት ቀን ይሁን፣ ቅባቱም ተጠርጎ በእጅ ሳይነካ። ክረምት ላይ በደሴ ጉም ውስጥ አታስነፉ። እርጥበቱ ክሊሩ ላይ ይቀርና ወተት ያስመስለዋል። ሥራው ለበጋ ይቆይ፣ ወይም ሞቅ ወዳለው ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ።

«ክሊር የለውም፣ ግን ወዝ የለሽ ሆነ»

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ያበጃል። ያ በራሱ ጉዳት አይደለም፣ ይጠብቀዋል። ወዙን ቶሎ የሚያጠፋው ቸርኬውን የምናጥብበት ነገር ነው። በረኪና፣ የመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ በእጅ እፍኝ የተበተነ ኦሞ ሁሉም ይበሉታል። ሎሚም አሲድ ነው፤ «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ቸርኬ ላይ ተቀብቶ አይዋልም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ደግሞ ይቧጭራል። በዚያ ላይ የብረት ፍርፋሪ ትቶ ይሄዳል፣ እሱም ይዝጋል። ላቫጆ ስትገቡ ምን እንደሚቀቡበት ጠይቁ። «ወንድሜ፣ ቸርኬውን በውሃና በላርጎ ብቻ» ማለት አያስቀይምም።

መፍትሄው ጥቂት ላርጎ በብዙ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ የብረት ክሬም በጥጥ ጨርቅ። በትንሽ በትንሹ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ እየያዛችሁ ሂዱ። የሚቀረውን ጥቁር ቅባት ጥቂት ደረቅ ዱቄት ነስንሳችሁ ብትጠርጉት ሸጋ አድርጎ ያነሳዋል። በመጨረሻ የመኪና ዋክስ ቀቡ። ክረምት ላይ በየወሩ ድገሙት።

«ታጥቦም የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ አለው»

ከፍሬን የተፈናጠረ ትኩስ የብረት ብናኝ ነው። ተጣብቆ ከቆየ ይዝጋል። ብረት የሚያሟሟ፣ አሲድ የሌለው የቸርኬ ማጽጃ አለ፤ ዝገት ሲነካ ወደ ሐምራዊ ይቀየራል። ቸርኬው ላይ ሳይደርቅ ይታጠብ። ሬንጅ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጋዝ በጨርቅ ይበቃዋል፣ ከዚያ በሳሙና። ፍሬኑን ግን ነጭ ጋዝ እንዳይነካው።

ሐረጎን ወርዳችሁ ወዲያው ላቫጆ አትግቡ። ቸርኬና ዲስክ ግለው ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስባቸው ሳሙናው ደርቆ ይቀራል፣ ዲስኩም ሊጣመም ይችላል። ይብረድ። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ደግሞ ብናኙን ይቀንሳል። ለቸርኬው ብቻ ሳይሆን ለነፍሳችሁም ነው።

«ወለወልኩት፣ ግን ፀሐይ ላይ ጭረቱ ይታያል»

ከ600 ወደ 2000 ተዘሏል። ወደ ኋላ ተመልሶ 1000 መያዝ ነው፤ ኮምፓውንድ ብቻውን ያን ጭረት አያነሳውም።

«ጎማው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፣ ጎሚስታው ግን ቀዳዳ አላገኘም»

ጎማው ቸርኬው ላይ በሚቀመጥበት ጠርዝ ሳሙና ያለው ውሃ አድርጉ። አረፋ ከወጣ አሉሚኒየሙ እዚያ ተበልቷል። ጎማው ይውለቅ፣ ጠርዙ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፣ ተመልሶ ይገጠም። ካላማዳሪ ማስገባት አየሩን ይይዝ ይሆናል፣ መበላቱን ግን አያቆምም።

«ጠርዙ ተቧጭሯል፣ ወይም ተጣሟል»

ላይ ላዩን የሆነ ጭረት በስስ ሞረድ ተስተካክሎ ይወለወላል። ስንጥቅ ያለበት ቸርኬ ግን ይጣል፤ በብየዳ ተደፍኖ ሐረጎን አይወርድም። የተጣመመውን በእሳት አሙቆ ማቅናትም እቃወማለሁ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹህ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፣ የቸርኬው ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ። ጥንካሬውን ማጣት የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ 200 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ነው። በዓይን አይታይም።

ቸርኬው ሲመለስ ከመኪናው ጋር የሚገናኘው የጀርባው ፊትና ዳዶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለምም ዋክስም እንዳይኖር። ዳዶዎቹ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጥበቁ፣ በመኪናው መመሪያ ልክ። ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቋቸው።