ለጭራ አጥንትና ለወገብ ጉዳት ኮድ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በሜዲካል ኮዲንግ፣ ማለትም የታካሚን ሕመምና ሕክምና ወደ ኮድ በመለወጥ ሥራ፣ ለሚሠራ ወይም ለፈተናው ለሚያነብ ሰው የወገብ ቻርት (የታካሚ መዝገብ) ቀላል ይመስላል። ታካሚዋ ወድቃለች፣ ወገቧን አሟታል፣ ኮዱን ጣል አድርጎ ማለፍ ነው። ጣጣው የሚታየው ክሌሙ፣ ለኢንሹራንስ የተላከው የክፍያ ጥያቄ፣ ተመልሶ ሲመጣ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስብራትም፣ ብልዝም፣ ወለምታም፣ የወሊድ ጉዳትም ሊያጋጥም ይችላል። ኮዱን የሚወስነው ያመመው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ምን እንዳመጣውና ሕክምናው የት እንደደረሰም ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሜሪካ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትሠራበትን የሕመምና የጉዳት ኮዶች ዝርዝር፣ አይሲዲ-10-ሲኤምን፣ የሚመለከት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ኮዶቹንም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ።

የጭራ አጥንት ሕመምን ሁሉ በአንድ ኮድ መጠቅለል

ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው ኤም53.3ን ነው። ሐኪሙ የጭራ አጥንት ሕመም ብሎ ጽፎ፣ አዲስ ጉዳት ካልጠቀሰ ትክክል ነው። ታካሚው ወድቆ ቦታው ከበለዘ ግን ኤስ30.0 ነው። ራጁ ስብራት ካሳየና ሐኪሙም ስብራት ብሎ ከጻፈ ኤስ32.2 ይሆናል። ስብራቱ ከተጻፈ በኋላ ሕመሙንና ብልዙን ደርቦ መጻፍ አያስፈልግም። አጥንቱ ከተሰበረ ማመሙ ያለ ነው፤ የዚያው ቦታ ቀላል ጉዳትም ከከባዱ ጋር ኮድ አይሰጠውም።

ብዙዎች የሚያልፉት ደግሞ ወሊድ ነው። ምጥ ላይ የጭራ አጥንቷ የተጎዳ እናት በኤስ ከሚጀምረው የጉዳት ምዕራፍ ኮድ አይሰጣትም፤ ቦታዋ ኦ71.6 ነው። አልጋ ላይ ብዙ የቆየ አዛውንት ጭራ አጥንቱ ላይ ቁስል ካወጣ ደግሞ ኤል89.15 ውስጥ ደረጃውን ይፈልጉ። እዚያው አካባቢ የሚወጣ የፀጉር ሳይስትም ኤል05 ነው። ከአጥንቱ ጋር ጉርብትና እንጂ ዝምድና የለውም።

ሰባተኛዋን ፊደል እንደ ቀጠሮ ቁጥር መቁጠር

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ገንዘብ የምታስከለክለው ይህች በጉዳት ኮድ መጨረሻ ላይ የምትገባ ፊደል ናት። ኤ ማለት የመጀመሪያ ቀጠሮ፣ ዲ ማለት ሁለተኛ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ኤ ታካሚው ንቁ ሕክምና እያገኘ ነው ማለት ነው፤ ዲ ደግሞ ንቁ ሕክምናው አልቆ በማገገም ላይ ነው። ስለዚህ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ወደ አጥንት ሐኪም የተላከ ሰው፣ እዚያም ገና ምርመራና ሕክምና ላይ ከሆነ፣ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ቢሆንም ኤ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቻርት እንከተል። አንዲት ሴት ጃንዋሪ ላይ በረዶ አንሸራቷት በመቀመጫዋ ትወድቃለች። ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሥታ የጭራ አጥንቷ መሰበሩ ይታወቃል። ኮዱ ኤስ32.2ኤክስኤክስኤ ነው። ስብራቱ ክፍት ይሁን ዝግ ካልተጻፈ ዝግ ተብሎ ይያዛል። መሐል ላይ ያሉት ሁለት ኤክሶች ቦታ ያዢዎች ናቸው፤ አንዷን እንኳ ከረሱ ኮዱ ውድቅ ነው። የአወዳደቋ ኮድ፣ ደብሊው00.0ኤክስኤክስኤ፣ ከኋላ ይከተላል። የውጭ ምክንያት ኮድ መቼም መጀመሪያ አይቀመጥም።

ከሳምንታት በኋላ አጥንቱ እንዴት እየጠገነ እንደሆነ ለመታየት ትመለሳለች። ስብራቱ ያው ነው፤ መጨረሻው ዲ ይሆናል። መጠገኑ ዘግይቷል ከተባለ ጂ፣ ጭራሽ አልጋጠመም ከተባለ ኬ።

መጸው ላይ ደግሞ ትመጣለች። አጥንቱ ድኗል፣ መቀመጥ ግን አሁንም መከራ ነው፤ ሐኪሙም ሕመሙ የድሮው ስብራት ያመጣው እንደሆነ ጽፏል። ኤም53.3 ቦታው አሁን ነው፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ኤስ32.2ኤክስኤክስኤስ። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ ሕመሙ የድሮ ጉዳት ያስከተለው ነው ማለት ናት። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ መላክ የተለመደ ስህተት ነው።

የሞተ ኮድ መላክ

የወገብ ሕመም ኮድ የነበረው ኤም54.5 ብቻውን ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ አይሠራም። አሁን ያሉት ኤም54.50፣ ኤም54.51 እና ኤም54.59 ናቸው። የክሊኒኩ አሮጌ ቴምፕሌት ግን አሁንም አጭሩን ሊያወጣልዎ ይችላል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ሳያቲካ ካለው ኤም54.4 ውስጥ ገብተው ቀኝና ግራውን ይለዩ። የዲስክ መበላሸትም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕመሙ ወገብ ላይ ነው፣ እግር ላይ ነው ወይስ ሁለቱም ጋ እያለ ይጠይቃል። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ ዝርዝሩን ማየት ግድ ነው።

ጅማትንና ጡንቻን ማደባለቅ

የወገብ ጅማት ወለምታ ኤስ33.5 ነው። የወገብ ጡንቻ ሲሳብ ኤስ39.012። ሐኪሙ ሁለቱንም ከጻፈ ሁለቱንም መስጠት ይቻላል። ኤስ39.012ን ከኤም54.5 ቤተሰብ ጋር ማጣመር ግን አይፈቀድም።

"ሳይሆን አይቀርም"ን እንደ እውነት መውሰድ

የተመላላሽ ታካሚ ከሆነ፣ "ስብራት ይጠረጠራል" የሚል ማስታወሻ ለስብራት ኮድ አይበቃም። በዕለቱ የተረጋገጠውን፣ ብልዝም ሆነ ሕመም፣ ይጻፉ። ሆስፒታል ተኝቶ የታከመ ሰው ሲወጣ ግን ሕጉ ይለያል፤ እዚያ ጥርጣሬው እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ሊሰጠው ይችላል።

የሳሳ አጥንትን እንደ ጤነኛ አጥንት ማየት

ኦስቲዮፖሮሲስ እንዳለባቸው የሚታወቅ እማማ ከሶፋ ሲነሡ ተንሸራተው ወደቁ፤ የወገብ አከርካሪያቸው ተሰበረ። መውደቅ የሚለውን አይቶ ኤስ32.0 ውስጥ የሚገባ ብዙ ነው። መመሪያው ሌላ ይላል፤ ጤነኛ አጥንትን በተለምዶ የማይሰብር አወዳደቅ ከሆነ ኮዱ ኤም80 ውስጥ ነው፣ የአጥንቱ መሳሳት ከዕድሜ የመጣ ከሆነ ለአከርካሪ ኤም80.08ኤክስኤ። ማስታወሻው ግልጽ ካልሆነ መድኃኒቱን አይተው ራስዎ አይወስኑ። ለሐኪሙ ጥያቄ ይላኩ፤ መልሱ እስኪመጣ ክሌሙ ይቆይ።