መሣሪያ አስታጣቂ የተባለ አገር ይመታ? ይህን ርዕስ እንዴት ማከራከር እንደሚቻል

«ኢራን የየመን ታጣቂዎች የሆኑትን ሁቲዎችን ስላስታጠቀች ትመታ» ተብሎ ርዕስ ከተሰጠ ክርክሩ ሳይሞቅ ወደ ሃይማኖትና ወደ ጎራ ይዞራል። ርዕሱ ማን፣ በምን እንደሚመታና ማስረጃው እስከምን እንደሆነ መናገር አለበት። ለምሳሌ፦ «ለውጭ ታጣቂዎች መሣሪያ መላኩን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ያረጋገጡበት አገር፣ የመሣሪያ ማከማቻው በአየር ይመታ።» እንዲህ ሲሆን ደጋፊው ስለ ወረራ አይጠየቅም፤ ተቃዋሚውም «ማስረጃ የለም» እያለ ሰዓቱን አይፈጅም።

አራት ቡድን፣ በየቡድኑ 2 ሰው፣ ለአንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ፤ ለዝግጅት 15 ደቂቃ። ንግግሩ ብቻ 56 ደቂቃ ይወስዳል። ሐዋሳ ላይ በክረምት ከሆነ ጠዋት አድርጉት፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ከወረደ ዳኛውም አይሰማ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሕጉ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) ኃይል መጠቀምን ይከለክላል፤ አንቀጽ 51 ደግሞ የትጥቅ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን እንዲከላከል ይፈቅዳል። መሣሪያ መላክ «ጥቃት» ነው ወይ? የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በኒካራጓና በአሜሪካ መዝገብ የሰጠው መልስ፣ አማፂን ማስታጠቅ ሕገወጥ ቢሆንም ብቻውን የትጥቅ ጥቃት አይባልም የሚል ነው። ታጣቂዎቹን የላካቸው ራሱ መንግሥት ከሆነና ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ይባላል። ስለዚህ ደጋፊው ፍርዱን ቀድሞ ያንሣው፤ ሳጥን ጥይት ከመቁጠር ይልቅ ትእዛዙ ከየት እንደሚወጣ ያሳይ። ተቃዋሚው ቀድሞ ካነሣው መመለሻ የለውም።

«ጦርነት ክፉ ነው» ብቻ የሚል ተቃዋሚም ይሸነፋል፤ አማራጭ ያምጣ። ቅርባችን ያለው ኤርትራ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ታኅሣሥ 2009 (እ.ኤ.አ.) በውሳኔ 1907 የሶማሊያ ታጣቂዎችን ትረዳለች በሚል የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ 13 ደገፉ፣ ሊቢያ ተቃወመች፣ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ማዕቀቡ የተነሣው ኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ተቃዋሚው «ያለ ቦምብ ሆነ» ይላል፤ ደጋፊው «ዘጠኝ ዓመት ማን ይጠብቃል?» ይላል። ሁለቱም ያስኬዳል። ግን የኤርትራ ስም ሲነሣ አዳራሹ ስለሚግል፣ መድረክ መሪው ከውሳኔው ጽሑፍ የወጣውን ወዲያው ያስቁም።

ዳኞች ነጥብ ሲሰጡ አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይጻፉ፦ ማከማቻው በተመታ ማግስት መሣሪያው በሌላ መንገድ ቢገባ ደጋፊው ምን አለ?