ኦሃዮ ውስጥ 21 ዓመት ሳይሞላችሁ መንጃ ፈቃድ እንዴት ታወጣላችሁ

ኮሎምበስ ያለ አበሻ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ዘዴ ነበረች። ልጁ 18 እስኪሞላው ይጠበቃል፣ ከዚያ ለመንዳት ትምህርት ቤት ሳይከፈል ፈተናውን ብቻ ወስዶ መንጃ ፈቃዱን ይይዛል። አሁን ይቺ ዘዴ አትሠራም። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ዕድሜው ከ21 በታች ከሆነ ሙሉውን ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው። ለውጡ ከስቴቱ የበጀት ሕግ ጋር አብሮ ነው የወጣው። በጣም የሚነካውም እዚህ ያደገውን ልጅ ሳይሆን በ18 ወይም በ19 ዓመቱ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣውን ነው፤ ሥራው መጋዘን፣ ፈረቃው ሌሊት፣ አውቶቡሱም በዚያ ሰዓት የለም።

መጀመሪያ ፐርሚት ነው፣ ማለትም የመለማመጃ ጊዜያዊ ፈቃድ። ከ15 ዓመት ተኩል ጀምሮ ይሰጣል። ማንነታችሁን፣ ሕጋዊ ነዋሪነታችሁን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን እና የኦሃዮ አድራሻችሁን የሚያሳይ ሰነድ ያዙ። የጽሑፍ ፈተናው 40 ጥያቄ ነው፣ 30 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ኦንላይንም መውሰድ ይቻላል። ከወደቃችሁ በማግስቱ መድገም ትችላላችሁ፣ ስለዚህ አትጨነቁ። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ከፈተናው አያድናችሁም። ፐርሚቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው።

ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። 24 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 8 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መንዳት። የክፍሉን ኦንላይን መጨረስ ይቻላል። ዋናው ጣጣ ግን መንዳቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ የስቴት ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ፣ ለመንዳት የቅርብ ቀጠሮ መቼ እንዳላቸውም ጠይቁ፤ «እንደውላለን» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ሞክሩ። ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል።

በጎን ደግሞ 50 ሰዓት ልምምድ አለ፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩ ማታ። 16 ያልሞላው ልጅ ከወላጅ፣ ከአሳዳጊ ወይም ከአስተማሪ ጋር ብቻ ነው የሚነዳው። ከ16 በላይ ከሆነ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ 21 ዓመት የሞላው ሰው ፊት ወንበር ላይ አብሮት ይቀመጥ። ከ18 በታች ያለው በተጨማሪ ፐርሚቱን ቢያንስ ስድስት ወር መያዝ አለበት። ሰዓቱን በየቀኑ ጻፉት፣ ምክንያቱም ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት የሚፈረም ቅጽ አለው፣ መፈረም ደግሞ መማል ነው። ለመጀመሪያው ልምምድ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ጥሩ ነው (እሑድ ጠዋት ካልሆነ)።

ከዚያ ሮድ ቴስት፣ የመንዳት ፈተናው። ቀጠሮ ኦንላይን ይያዛል። ፓራለል ፓርኪንግ (በሁለት መኪና መሃል ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ማቆም) የለም ሲባል ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፣ ግን በእሱ ፈንታ ኮኖቹ አሉ፣ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ነው። 9 ጫማ ስፋት፣ 20 ጫማ ርዝመት ያለው ሳጥን በኮን ይሠራል፤ ከፊቱ ሌላ 20 ጫማ ርቆ አምስተኛ ኮን ይቆማል። ሳጥኑን ቀጥ ብላችሁ አልፋችሁ፣ ፈታኙ ባላችሁ በኩል አምስተኛውን ትዞሩና የኋላ መከላከያው ከኮኑ እኩል ሲሆን ትቆማላችሁ፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ወደኋላ እየነዳችሁ ሳጥኑን አልፋችሁ የፊት መከላከያው ከኋለኞቹ ሁለት ኮኖች እኩል ሲሆን ትቆማላችሁ። ኮን ነክታችሁ ብታልፉ ነጥብ ይቀነሳል፣ ከጣላችሁት ግን እዚያው ወደቃችሁ። መሃል ላይ ቆም እያሉ ማየትም ያስቀንሳል፣ ስለዚህ በዝግታ ግን ሳትቆሙ ሂዱ፤ ካሜራውን ሳይሆን የኋላ መስታወቱን እያያችሁ፣ ዘወር ብላችሁም ተለማመዱ። ከወደቃችሁ ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ።

«ታዲያ 21 እስኪሞላኝ ብጠብቅስ?» ይቻላል፣ ሙሉው ሥልጠና ግዴታ አይሆንም። ግን ያኔም የመጀመሪያውን ሮድ ቴስት ከወደቃችሁ አጭር የአዋቂዎች ኮርስ ይጠየቃል። በኔ በኩል ሁለት ክረምት በኡበር ከመመላለስ ለትምህርት ቤቱ ብከፍል ይሻለኛል።

ካለፋችሁ በኋላ ወረቀቶቹን ይዛችሁ መንጃ ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ቢኤምቪ ትሄዳላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ሪል አይዲውን፣ ማለትም የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላውን መንጃ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ተራው መንጃ ፈቃድ ብቻውን ለአገር ውስጥ በረራ በቂ መታወቂያ አይደለም። ለዚህ የአድራሻ ማስረጃ ሁለት ነው የሚፈለገው። ካርዱ በፖስታ ስለሚላክ የሰጣችሁት አድራሻ ደብዳቤ በእርግጥ የሚደርሳችሁበት ይሁን።