የጉዞ ትሪፖድ ችግርና መፍትሄ፦ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያዘቀዝቅ፣ ሲንሸራተት

ለጉዞ ተብለው የሚሸጡ ትናንሽ ትሪፖዶች (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያዎች) ሲታጠፉ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ክብደታቸውም ከ1 እስከ 1.6 ኪሎ ነው። ይህን ያህል እንዲያንሱ እግራቸው እርስ በርሱ በሚገባ አራት ወይም አምስት ቱቦ ይከፈላል፣ የመጨረሻው ቱቦ ደግሞ ከጣት አይወፍርም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚያ ቱቦ፣ ከመሐሉ ዘንግና ካሜራውን ከሚይዘው ሄድ ነው። ገሚሶቹ በአንድ ብሩጎላና በጨርቅ ይፈታሉ። ገሚሶቹ ግን ትሪፖዱ በተገዛበት ዕለት የተወሰኑ ስለሆኑ ምንም ብታጠብቁ አይስተካከሉም። ስለዚህ ሌላ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት የትኛው የየትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ፎቶው ደብዝዞ ይወጣል

መጀመሪያ ጥፋቱ በእርግጥ የትሪፖዱ መሆኑን አረጋግጡ። ካሜራውን ሰክታችሁ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ላይ ፎከስ አድርጉ። ከዚያ ብርሃኑ እኩል እንዲሆን አይኤስኦውንና አፐርቸሩን እየቀያየራችሁ በ1/250፣ በ1/8 እና በ4 ሰከንድ ሦስት ፎቶ አንሱ። ሦስቱም ከደበዘዙ ችግሩ ፎከሱ ጋ ነው፤ ትሪፖዱን ተዉት። የ1/8ቱ ብቻ ከደበዘዘ ንዝረቱ የመጣው ከጣታችሁ ወይም ከካሜራው ከራሱ ነው። ያው ንዝረት በ4 ሰከንዱ ላይ የማይታየው ከጠቅላላው ጊዜ ጥቂቷን ብቻ ስለሚይዝ ነው። የ4 ሰከንዱ ብቻ ከደበዘዘ ደግሞ ነፋስ፣ የሚረግብ ወለል፣ ወይም ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ሄድ አለ ማለት ነው።

ለጣት ንዝረት መፍትሄው ታይመር ነው። ብዙ ሰው 2 ሰከንድ ሞልቶ ይበቃል ይላል፤ በቀጭን እግር ላይ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ማወቂያው ቀላል ነው፦ በስክሪኑ ላይ ምስሉን 10 እጥፍ አጉሉ፣ የትሪፖዱን እግር በጣት መታ አድርጉ፣ ምስሉ እስኪረጋ ሰከንድ ቁጠሩ። ከ2 ሰከንድ ካለፈ ታይመሩን 5 ወይም 10 ላይ አድርጉት። መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ካሜራ ከሆነ መስታወቱ ሲነሳ ራሱ ይመታል፤ ይህም ከ1/30 እስከ 1 ሰከንድ ባለው ሹተር ላይ ጎልቶ ይታያል። መስታወቱን አስቀድሞ የሚያነሳውን ምርጫ ተጠቀሙ፣ ወይም በስክሪኑ እያያችሁ አንሱ።

ሌንሱ ወይም ካሜራው ላይ ያለውን የንዝረት ማረጋጊያም አጥፉት። አንዳንዱ ትሪፖድ ላይ መሆኑን ራሱ ይረዳል፤ በተለይ የቆዩት ሌንሶች ግን የሌለ እንቅስቃሴ ሊያርሙ ሲሞክሩ ራሳቸው ምስሉን ያንቀሳቅሱታል። የአንገት ማንጠልጠያውን ደግሞ ፍቱት። ነፋስ ላይ እንደ ሸራ ይርገበገባል፤ አንድ ኪሎ የማይሞላ ካሜራ ለመነቅነቅ እሱ ብቻ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልረጋ ወደ እግሩ እንሂድ። የቱቦ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በጣም ፈጥኖ ይወድቃል። የቱቦው ግድግዳ ስስነት እኩል ቢሆን 13 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቱቦ ለመታጠፍ ያለው ጥንካሬ ከ16 ሚሊ ሜትሩ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር እንደዚህ ያደርጋል። ስለዚህ ስትዘረጉ ሁልጊዜ ከላይ ከወፍራሙ ጀምሩ፣ ቀጭኑን ካላስፈለገ ተዘግቶ ይቆይ። የመሐሉ ዘንግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። እሱን 20 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ማለት ሦስት እግር ላይ የቆመውን ካሜራ አንድ ዘንግ ላይ መስቀል ማለት ነውና።

ነፋስ የባሰበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ፣ ቁመትን መተው ይሻላል። እግሮቹን በሰፊው አንግል ከፍታችሁ ትሪፖዱን ጉልበት ድረስ አውርዱት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተቀምጣችሁ በሰውነታችሁ ጋርዱት። ከዘንጉ ሥር ባለው መንጠቆ ቦርሳ መስቀል ይረዳል፤ ነገር ግን ቦርሳው መሬት መንካት አለበት። አየር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ይወዛወዛል፣ ያን ጊዜ ንዝረቱን የምታመጡት እናንተው ናችሁ። ዳገት ላይ ሁለት እግር ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱ ወደ ላይ ይሁን።

ካሜራው ተቆልፎም ያዘቀዝቃል

ፍሬሙን አስተካክላችሁ፣ ቆልፋችሁ፣ እጃችሁን ስትለቁ ምስሉ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ወርዶ ከቆመ የሄዱና የፕሌቱ (ከካሜራው ሥር ታስሮ ሄዱ ላይ የሚሰካው ጠፍጣፋ ብረት) መለጠጥ ነው። በትንሽ ቦል ሄድ (ካሜራውን በኳስ ላይ የሚያዞር ሄድ) ላይ የተለመደ ነው፤ ልኩን ካወቃችሁ ያን ያህል ከፍ አድርጋችሁ መቆለፍ ነው። ሳያቋርጥ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ኳሱ አልያዘም። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ቅባት ነው። የእጅ ቅባት ወይም አቧራ ኳሱ ላይ ካለ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ኳሱን ዘይት መቀባት በፍጹም አያስፈልግም። ሁለተኛው ሚዛን ነው፦ ረጅም ሌንስ ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ይጥላል። ሌንሱ የራሱ ማሰሪያ ቀለበት ካለው ፕሌቱን ከካሜራው ነቅላችሁ ቀለበቱ ላይ እሰሩ። ሦስተኛው መድኃኒት የለውም፤ ኳሱ ትንሽ ነው። ሳጥኑ ላይ «8 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን እንደ ቃል ኪዳን አትውሰዱት፤ አምራቾቹ ሁሉ የሚለኩበት አንድ ወጥ መለኪያ የለም። ካሜራና ሌንሳችሁ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ከሢሶው በላይ ባይመዝን ይመረጣል። 2 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ያለው ሰው 6 ኪሎ የሚል ይፈልግ።

ካሜራውን ወደ ጎን አቁማችሁ ስታነሱ ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን ሄዱን አትውቀሱ። የላላው ከካሜራው ሥር ያለው የፕሌቱ ብሎን ነው። በጣት የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ በሳንቲም ወይም በብሩጎላ አጥብቁት። ፕሌቱ ላይ ያለው ስስ ጎማ ካለቀም ይንሸራተታል። ሁልጊዜ ቁም ፎቶ የሚያነሳ ሰው የኤል ቅርጽ ያለው ፕሌት ቢገዛ ይገላገላል፤ ካሜራው ወደ ጎን ሳይንጠለጠል መሐል ላይ ይቆማልና።

ሄዱ ራሱ ከትሪፖዱ ላይ ይፈታል

ይህ የሚሆነው ወደ ግራ ስታዞሩ ነው፤ ማዞሪያው ካልላላ ሙሉ ሄዱ እንደ ብሎን ይፈታል። ሄዱ የተቀመጠባትን ሳህን ከሥሯ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሦስት ጥቃቅን የብሩጎላ ብሎኖች አሉ። እነሱን አላሉ፣ ሄዱን በእጅ እስከ መጨረሻው አጥብቁ፣ ከዚያ ጥቃቅኖቹን መልሳችሁ አጥብቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሄዱን ሥር ይቦረቡራሉ። ሄድ ቀይራችሁ አዲሱ አልገባ ካለ ደግሞ ሁለት ዓይነት ብሎን እንዳለ አስታውሱ፤ ከካሜራው ሥር የሚገባው ሩብ ኢንች፣ ሄዱን የሚይዘው በብዛት 3/8 ኢንች ነው። ሁለቱን የምታገናኝ ትንሽ የነሐስ ቀለበት አለች፤ ሁለት ሦስት ገዝቶ ቦርሳ ውስጥ መጣል ነው።

እግሩ በራሱ ይገባል

ተቆልፎ ሳለ በክብደት ቀስ እያለ የሚገባ እግር መጀመሪያ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚንሸራተት ይለይ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ አጠገብ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከላይ በመዳፍ ተጫኑ፣ የትኛው እንደሄደ እዩ።

በክሊፕ የሚቆለፍ ከሆነ መላው አጭር ነው፤ ማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁና ሞክሩ። ካልበቃ ሌላ ሩብ። በአንዴ ያጠበቀ ሰው ክሊፑን ይሰብራል።

የሚጠመዘዘው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚንሸራተተው አሸዋና አቧራ ውስጡ ስለገባ ነው። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ፍቱት፤ ቱቦው ተስቦ ይወጣል፣ ሁለት ግማሽ ክብ የሆኑ ስስ ፕላስቲኮችም አብረው ይወድቃሉ። ቱቦውን አጥብቀው የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ፣ አንዱ ከጠፋ እግሩ አለቀለት። ሁሉንም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ በደንብ አድርቁ። ግራሶ የሚነካው የቀለበቱ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም በጣት ጫፍ የምትያዝ ያህል። ፕላስቲኮቹና ቱቦው ደረቅ መሆን አለባቸው፤ የሚይዙት በመፋተግ ስለሆነ። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን የማለስለሻ ዘይት የሚረጭ ሰው ለአንድ ቀን ይለሰልስለታል፣ በማግስቱ አሸዋውን ሁሉ ይሰበስብለታል። ስትመልሱ የፕላስቲኮቹን ጉጥ ቱቦው ላይ ባሉት ቀዳዶች ግጠሙ። ሦስቱንም እግር አንድ ላይ አትፍቱ፤ አንዱ ሲፈታ የቀሩት ሁለቱ እንዴት እንደሚገጣጠም ማሳያ ይሆናሉ።

እግሩ ከላይ መጋጠሚያው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ማጠፊያው ላይ ያለው ትልቅ ብሎን ላልቷል። ትክክለኛው ልክ ይህ ነው፦ እግሩን አግድም ይዛችሁ ስትለቁት በራሱ አይወድቅም፣ በእጅ ሲገፋ ግን ያለ ትግል ይሄዳል።

ቁመቱ አልደረሰም፣ ወይም ሻንጣ አልገባም

እነዚህ ሁለቱ ከግዢው የመጡ ናቸው። ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁመት የመሐሉ ዘንግ ተስቦ የተለካ ነው። የፒክ ዲዛይን የጉዞ ትሪፖድ 152 ሴንቲ ሜትር ይባላል፤ ዘንጉ ሲወርድ 130 ነው። ማየት ያለባችሁ ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ቁመቱ 170 የሆነ ሰው ዓይኑ 159 አካባቢ ላይ ነው፤ ከዚያ ከካሜራው ሥር እስከ መመልከቻው 7 ገደማ ይቀነስ። የትሪፖዱ ቁመት ሄዱን ሳይጨምር ከተጻፈ ደግሞ ሌላ 9። በመመልከቻው እያየ ሳይጎነበስ ማንሳት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሄዱን ጨምሮ 150 የሚደርስ ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ የጉዞ ትሪፖድ አይደለም። ስክሪኑ የሚታጠፍ ካሜራ ላለው ግን ከ125 እስከ 130 በቂ ነው፤ ትርፉን ቁመት ባይሸከም ይሻለዋል።

ለአውሮፕላን ሁለት ነገር ይለካል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ መደብ በእጅ የሚፈቅደው 7 ኪሎ፣ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ነው። ታጥፎ 40 የሆነ ይገባል፤ ክብደቱ ግን ካሜራ፣ ሁለት ሌንስና ላፕቶፕ ሲደመር ያልፋል። አንድ ዓይነት ሞዴል በአሉሚኒየምና በካርቦን ሲሠራ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም አይበልጥም፤ ዋጋው ግን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ለ300 ግራም ያን ያህል መክፈል በእግሩ ተራራ ለሚወጣ ሰው ያዋጣል፣ በመኪና ለሚዞር አያዋጣም። ከእግሩ ሥር የብረት ሹል ያለው በፍተሻ ላይ ሊያስቆማችሁ ስለሚችል ጎማውን አድርጉለት። ሻንጣ ውስጥ የሚጫን ከሆነ ሄዱን ነቅላችሁ በልብስ ጠቅልሉት፤ የሚሰበረው ወጣ ያለው የመቆለፊያ ቁልፍ ነው።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ለምታስመጡ አንድ ምክር፦ ሄዱ አርካ ስዊስ የሚባለውን፣ ብዙ አምራቾች የሚጋሩትን የፕሌት ዓይነት የሚቀበል ይሁን፤ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የራሱ ልዩ ፕሌት ያለው ትሪፖድ ያቺ ፕሌት ከጠፋች ሌላ እስኪመጣ ድረስ ሥራ ይፈታል።

ጨው፣ ጭቃና ያገለገለ ዕቃ

ዳሎልና የአፋር ጨው ሜዳ ላይ፣ ወይም ባሕር ዳርቻ የዋለ ትሪፖድ እዚያው ቀን ይታጠብ። ጨው አሉሚኒየሙን ይቦረቡራል፣ ብሎኑን ያዝጋል። እግሮቹን ዘርግታችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ እንደተዘረጋ አድርቁ፤ እርጥብ ሆኖ የታጠፈ እግር ጨዉን ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። ጭቃና ውሃ ውስጥ ስትቆሙ ደግሞ ከላይ ያልነው ይገለበጣል፦ ቀጭኑን መጀመሪያ አውጡት፣ መጋጠሚያው ከውሃው በላይ እንዲቀር።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ሁሉንም እግር ዘርጉ፣ ዘንጉን አውርዱ፣ ላዩን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት። ትንሽ መመለስ ያለ ነው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ መጋጠሚያው ተበልቷል። እያንዳንዱን ቱቦ በጥፍር እያሻችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ካርቦን ከተሰነጠቀ አይጠገንም። ካሜራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፦ ሰክታችሁ 45 ዲግሪ አዘንብሉት፣ ቆልፉት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ያዙና ዋጋ እስክትከራከሩ ድረስ ከነጥቡ መውረድ አለመውረዱን ተመልከቱ።